ቃሉ ሳይጻፍ ሲቀር፦ ካናቢስ ትውስታንና የሽልማት መስመርን እንዴት እንደሚነካ ማጥናት

አሥራ አምስት ቃላት ናቸው። ማሰሮ፣ ድልድይ፣ ነብር፣ ገመድ፣ ሎሚ እያለ ይቀጥላል። በየሴኮንዱ አንድ ቃል ይነበባል፤ ተሳታፊው ያዳምጣል፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ የያዘውን ሁሉ በፈለገው ቅደም ተከተል ይናገራል። ያው ዝርዝር 5 ጊዜ ይደገማል። ከዚያ ሌላ ሥራ ይሰጠውና ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ ዝርዝሩ ዳግመኛ ሳይነበብለት፣ «የቅድሙን ቃላት እስቲ ንገረኝ» ይባላል። ካናቢስ የወሰደ ሰው ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጀምሮ የሚይዘው ያንሳል። ከ30 ደቂቃ በኋላም እንዲሁ ያንሳል። ከዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ያልነበረ ቃልም ጣል ያደርጋል፤ ለምሳሌ ሎሚ ስለነበረ «ብርቱካን» ይላል፣ በእርግጠኝነት።

ይህን ያየ ሰው «ካናቢስ ያስረሳል» ብሎ ይደመድማል። ቸኩሏል። መርሳት የምንለው ነገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶችን በአንድ ስም ይጠራል። ቃሉ ሲሰማ ጨርሶ ሳይቀረጽ ቀርቶ ይሆናል። ተቀርጾ ሳይጸና ቀርቶ ይሆናል። ወይም ጸንቶ ተቀምጦ ሲፈለግ አልወጣ ብሎ ይሆናል። ለመለየት ሰዓቱን መቀያየር ነው፤ ተሳታፊው አንዱን ዝርዝር ቲኤችሲ (የካናቢስ ዋናው አስካሪ ንጥረ ነገር) ሳይወስድ ይማርና ከወሰደ በኋላ ይጠየቃል፣ ሌላውን ደግሞ ወስዶ እያለ ይማራል። በዬል ዩኒቨርሲቲ በ2017 የታተመ ጥናት (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህንኑ አድርጎ፣ አስቀድመው የተማሩት ቃል ቲኤችሲ ደም ውስጥ እያለም እንደሚወጣ፣ ቲኤችሲ ደም ውስጥ እያለ የተማሩት ግን በቅጡ እንደማይቀረጽ አሳይቷል። የተቀመጠው አይፋቅም፤ የሚበላሸው መጻፉ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው፤ መጻፉን የሚያበላሸው ምንድን ነው፣ እንዴት ይለካል፣ ሲለካስ የቱ ጋ ይሳሳታል።

አስቀድሜ አንድ የስም ጉዳይ ላጥራ። እኛ አገር «ሀሺሽ» ሲባል ቅጠሉም ሙጫውም ይጠራበታል። በጥናት ቋንቋ ሀሺሽ ሙጫው ነው፣ ተክሉ ካናቢስ ይባላል። ከዚህ የከፋው ግን ካናቢስን «ዕፀ ፋርስ» ብሎ መተርጎም ነው። ዕፀ ፋርስ ወይም አስተናግር ሌላ ተክል ነው፤ ውስጡ ያሉት ስኮፖላሚንና አትሮፒን አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ተቀባይ ይዘጋሉ፣ ሰውን የሚያስቀባጥሩትም ሲበዛ የሚገድሉትም በዚያ መንገድ ነው። ስኮፖላሚን ራሱ የትውስታ ላቦራቶሪ ዕቃ ነው፤ የአይጥን ትውስታ በአስተማማኝ ሁኔታ ስለሚያዛባ ለማነጻጸሪያ ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱን ስሞች ማምታታት ሁለት ፍጹም የተለያዩ የአንጎል መንገዶችን ማምታታት ነው።

ቲኤችሲን ለይተው አውጥተው የሞለኪውሉን ቅርጽ ያሳወቁት ራፋኤል መሹላምና የሂኤል ጋኦኒ ናቸው፤ በ1964፣ እስራኤል ውስጥ ረሆቮት ባለው የዋይዝማን ተቋም፣ ፖሊስ ከያዘው የሊባኖስ ሀሺሽ። አንጎል ውስጥ የሚያርፍበት ተቀባይ ግን እስከ 1988 አልታወቀም። ያገኙት ዊሊያም ዴቫንና አሊን ሃውሌት ናቸው፤ ጂኑን በ1990 ሊሳ ማትሱዳና ባልደረቦቿ ለዩ፤ ተቀባዩም ሲቢ1 ተባለ። በዚያው ዓመት ማይልስ ሄርከንሃም ተቀባዩ የት የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ አወጣ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ካርታ ነው። ሲቢ1 እንቅስቃሴን በሚመራው በቤዛል ጋንግሊያ፣ ሚዛንን በሚጠብቀው በሴሬቤለምና አዲስ ትውስታ በሚጻፍበት በሂፖካምፐስ ጥቅጥቅ ብሏል። ትንፋሽን በሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ግን ስስ ነው። ሄሮይን ትንፋሽ አቁሞ ሲገድል ካናቢስ በዚያ መንገድ የማይገድለው፣ ግን ሰውየው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር የት እንዳደረሰው የሚጠፋበት፣ በዚህ አቀማመጥ ምክንያት ነው።

ሰውነት ተቀባይ የሚሠራው ለራሱ ዕቃ ነው። በ1992 ከአሳማ አንጎል አናንዳማይድ ተለየ፤ ስሙ በሳንስክሪት ሐሴት ማለት ከሆነው «አናንዳ» የመጣ ነው። በ1995 ሁለተኛው፣ ቱ-ኤጂ፣ ታወቀ፤ አንጎል ውስጥ ከአናንዳማይድ እጅግ የበዛ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ሥራ በዋናነት የሚሠራውም እሱ ነው።

ሥራው የተለመደውን አቅጣጫ የሚገለብጥ ነው። ሁለት የነርቭ ሴሎች በሚገናኙበት ቦታ፣ በሲናፕስ ላይ፣ መልእክት ከላኪ ሴል ወደ ተቀባይ ሴል ይሄዳል። ቱ-ኤጂ ግን ከተቀባዩ ወደ ላኪው ወደ ኋላ ይመለሳል። ተቀባዩ ሴል በጣም ሲነቃቃ ካልሲየም ይገባበታል፤ ያኔ ቱ-ኤጂ ይሠራና ወደ ላኪው ጫፍ ይለቀቃል፤ እዚያ ያለው ሲቢ1 ላኪውን «ለጊዜው ቀንስ» ይለዋል። በ2001 ይህን በአንድ ጊዜ ሦስት ቡድኖች አሳዩ፦ ሬቸል ዊልሰንና ሮጀር ኒኮል በሳን ፍራንሲስኮ፣ የማሳኖቡ ካኖ ቡድን በካናዛዋ፣ አናቶል ክራይትዘርና ዌድ ሬገር በሃርቫርድ።

ይህን ክስተት በቅርብ ማየት የሚፈልግ እንዲህ ያደርጋል። የወጣት አይጥ ሂፖካምፐስ በበረዶ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ውስጥ በ300 ማይክሮሜትር ውፍረት ይቆረጣል። ፈሳሹ 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይቋረጥ ይነፋበታል፤ ቁራጩ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ሥር ሲኤ1 ከተባለው የሂፖካምፐስ ክፍል አንድ ፒራሚዳል ሴል በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይያዛል፤ ፓች ክላምፕ የሚባለው ነው። ቱቦው በሲሲየም ክሎራይድ ይሞላል፤ ሴሉ በ-70 ሚሊቮልት ይያዛል። አነቃቂው የግሉታሜት መልእክት በኤንቢኪውኤክስ 10 ማይክሮሞላርና በኤፒቪ 50 ማይክሮሞላር ይዘጋል፤ የሚቀረው አፋኙ የጋባ መልእክት ብቻ ይሆናል። በየ3 ሴኮንዱ አጠገቡ ያሉት የጋባ ቃጫዎች በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካሉ፤ በስክሪኑ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ተመሳሳይ ሞገድ ይደረደራል። ሴሉን ለ5 ሴኮንድ ወደ 0 ሚሊቮልት ከፍ አድርገው መልሱት። የሚቀጥለው ሞገድ ቁመቱ ግማሽም አይሞላ ይሆናል። ሦስተኛውና አራተኛው ትንሽ ያድጋሉ፤ ከ20 እስከ 40 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኤኤም251 የተባለው የሲቢ1 መዝጊያ ከተጨመረ ሞገዱ ከነጭራሹ አይቀንስም።

ካልሠራ ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው። ቱቦው ውስጥ ኢጂቲኤ የሚባለው የካልሲየም አሳሪ በዝቶ ይሆናል፤ ካልሲየሙ ከታሰረ ቱ-ኤጂ አይሠራም፤ ከ0.5 ሚሊሞላር ባይበልጥ ይሻላል። የተነካው የጋባ ቃጫ ሲቢ1 የሌለው ዓይነት ይሆናል፤ በሂፖካምፐስ ውስጥ ሲቢ1 የሚበዛው ሲሲኬ የተባለውን ፔፕታይድ በሚይዙት አፋኝ ሴሎች ላይ ነው፣ ፓርቫልቡሚን በሚይዙት ላይ ግን የለም ማለት ይቻላል። የአሴቲልኮሊንን ተቀባይ የሚያነቃቃውን ካርባኮል 5 ማይክሮሞላር መጨመር ብዙ ጊዜ ይረዳል። የቱቦው መግቢያ ተቃውሞ ከ20 በመቶ በላይ ከተለወጠ ደግሞ ያ ሴል መጣል አለበት፤ የሞገዱ መቀነስ ከቱቦው መደፈን የመጣ ሊሆን ይችላልና።

አሁን ዋናው ነጥብ ግልጽ ይሆናል። ሰውነት የሚሠራው ምልክት በአንዲት ሲናፕስ አካባቢ፣ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ፣ በጣም ሲያስፈልግ የሚነሳ ነው። ቲኤችሲ ግን ሲቢ1 ባለበት ሁሉ፣ ለሰዓታት፣ ማንም ሳይጠራው ተቀምጦ ይውላል። «ቀንስ» የሚለው ትእዛዝ ቦታና ጊዜ ካጣ መረጃ መሆኑ ያበቃል።

በዚህ ላይ የማደንቀው የዴቪድ ሮብና የጆርጅ ቡዣኪ ቡድን በ2006 ያወጣው ሥራ ነው። አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ ብዙ ሴሎችን በአንድ ጊዜ የሚያዳምጡ ኤሌክትሮዶች ተከሉ፤ ከዚያ ካናቢኖይድ፣ ማለትም እንደ ቲኤችሲ በሲቢ1 ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር፣ ሰጡ። እያንዳንዱ ሴል በሴኮንድ የሚተኩሰው ቁጥር ብዙም አልተለወጠም። የተበተነው የጋራ ጊዜያቸው ነው፤ ቴታ፣ ጋማና ሪፕል የሚባሉት ምቶች ሁሉ ደከሙ። ማኅሌት ላይ የቆመ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ማንም ዜማውን አልተወም፣ ማንም ድምፁ አልጠፋም፣ ግን መቋሚያው አንድ ላይ አያርፍም፣ ከበሮውና ጸናጽሉም አይገጥሙም። አይጦቹ ግራና ቀኝን እያፈራረቁ መሄድ በሚጠይቀው ፈተና የሠሩት ስህተትም ከቴታው መድከም ጋር አብሮ ሄደ። ሴልን አንድ በአንድ ብቻ የሚቆጥር ተመራማሪ ይህን ጉዳት ፈጽሞ ባላየው ነበር።

ወደ እንስሳ ሙከራ ስንመጣ ብዙ ሥራ የሚበላሸው ከመርፌው በፊት ነው። ቲኤችሲ ሙጫ ነው፣ ውሃ አይቀበለውም። የተለመደው ማሟሚያ ኢታኖል (አልኮል)፣ ክሬሞፎር (ዘይትን ከውሃ የሚያዋህድ) እና ሳላይን (የጨው ውሃ) በ1፡1፡18 ነው። ቲኤችሲው በኢታኖል ይሟሟል፣ ክሬሞፎር ተጨምሮ በደንብ ይቀላቀላል፣ በመጨረሻ ሳላይኑ እየተማሰለ ቀስ ብሎ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ያኔ የመጀመሪያዋ አይጥ ባዶ ውሃ፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ሦስት እጥፍ መጠን ልትወስድ ትችላለች። በዚህ ድብልቅ ለትንሿ አይጥ በኪሎ 10 ሚሊሊትር ሲሰጥ በኪሎ 0.4 ግራም ገደማ ኢታኖል አብሮ ይገባል። ትንሽ አይደለም። ማነጻጸሪያው ቡድን ሳላይን ብቻ ተወግቶ ከሆነ የተለካው ቲኤችሲ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ያንኑ ማሟሚያ መወጋት አለበት። ቲኤችሲ ፕላስቲክ ላይም ይጣበቃል፤ ዕቃው መስታወት ይሁን። ብርሃንና አየር ሲቢኤን ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡታል፤ ጨለማ ውስጥ በ-20 ዲግሪ ይቀመጥ። ለአንጎል ቁራጭ ሥራም ያው ነው፤ ፈሳሹን የሚያመላልሰው ቱቦ ቴፍሎን ካልሆነ የትናንቱ መድኃኒት በዛሬው ቁራጭ ላይ ይንጠባጠባል፤ ውጤቱም «ቲኤችሲ ምንም አላደረገም» ይሆናል፣ ቁራጩ ከመጀመሪያው ተመርዞ ነበርና።

ቀጥሎ መጠን ነው። ቲኤችሲ ሲበዛ አይጥን አራት ነገር ያደርጋታል፦ ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ ሕመም አይሰማትም፣ መንቀሳቀስ ታቆማለች፣ ባስቀመጧት ቦታ እንደ ሐውልት ትደርቃለች። በዚህ ሁኔታ ያለች አይጥ በተለመደው የውሃ ገንዳ ፈተና እየዋኘች ከውሃው ሥር የተደበቀውን መቆሚያ ባታገኝ ትውስታዋ ተበላሸ አይባልም። ስለዚህ ሦስት ማጣሪያዎች የግድ ናቸው። የዋና ፍጥነቷ ይለካ። መቆሚያው በሚታይበት ፈተና ማግኘት ትችል እንደሆነ ይታይ። የሰውነት ሙቀቷ ከፈተናው በፊትና በኋላ ይመዝገብ። በቨርጂኒያ የሠሩት ቫርቬል፣ ሊክትማንና ማርቲን መጠኑን አሳንሰው ሲሄዱ ያገኙት ከሰው ውጤት ጋር ይገጥማል፤ የዛሬውን መቆሚያ ቦታ መያዝ በኪሎ 3 ሚሊግራም ሲታወክ፣ ለቀናት የተማረችውንና ያልተለወጠውን ቦታ ለማወክ ግን ብዙ እጥፍ መጠን ያስፈልጋል። እዚህም አዲሱ ይጠፋል፣ የቆየው ይቆያል።

የሽልማቱ ነገር ደግሞ በራሱ መንገድ አስቸጋሪ ነው።

ዶፓሚን የደስታ ፈሳሽ ተደርጎ ይወራል። ከዚያ ይልቅ የመማሪያ ምልክት ነው ማለት ይቀርባል፤ «ይህ ከጠበቅከው በለጠ፣ ወዴት እንደነበርክ፣ ምን እንዳየህ ያዝ፣ ድገመው» የሚል። የዶፓሚን ሴሎቹ ቪቲኤ በተባለው የመካከለኛው አንጎል ክፍል ተቀምጠው ወደ ኑክሊየስ አኩምበንስ ይልካሉ፤ የሽልማት መስመር የሚባለው ይህ ነው። በላያቸው የጋባ ሴሎች ልጓም ይዘዋል። በልጓሙ ጫፍ ላይ ሲቢ1 አለ። ቲኤችሲ ልጓሙን ያላላል፣ ዶፓሚን ሴሉ ይፈጥናል። ከጫት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ካቲኖን ዶፓሚኑን ራሱን ከጎተራው ገፍቶ ያወጣዋል፣ እንደ አምፌታሚን። ካናቢስ ጎተራውን አይነካም፤ ዘበኛውን ዞር በል ይለዋል።

በ1997 የጋኤታኖ ዲ ኪያራ ቡድን በማይክሮዳያሊሲስ፣ ማለትም ፈሳሽ በሚያጣራ ቀጭን መርፌ፣ ቲኤችሲ በአይጥ ኑክሊየስ አኩምበንስ ዛጎል ክፍል ዶፓሚን እንደሚጨምር፣ ይህም ሄሮይን የሚያርፍበት የኦፒዮይድ ተቀባይ ሲዘጋ እንደሚቀር አሳየ። ማይክሮዳያሊሲስ ናሙናውን የሚሰበስበው በደቂቃዎች ነው፤ በሴኮንድ ክፍልፋይ የሚነሳና የሚወድቅ ምልክት በውስጡ ይቀልጣል። ያንን የፈለገ በቀጭን የካርቦን ቃጫ የሚሠራውን ቮልታሜትሪ ይጠቀማል።

እንስሳው ወድዶታል ወይ? ለሚለው የተለመደው ሙከራ ሁለት ክፍል ያለው ሳጥን ነው፤ ግድግዳውም ወለሉም የተለያየ። አንዱ ክፍል ከቲኤችሲ ጋር፣ ሌላው ከማሟሚያ ጋር ይጣመራል፤ በመጨረሻ አይጧ ምንም ሳትወስድ የት እንደምታዘወትር ይለካል። በካናቢስ ይህ ሙከራ ለዓመታት እርስ በርሱ ሲጣረስ ኖረ። ቫልዣንና ማልዶናዶ በ2000 ምክንያቱን አወጡ። የመጀመሪያው ቲኤችሲ ለአይጥ አስፈሪ ነው፤ ያ ፍርሃት ከክፍሉ ጋር ከተጣመረ አይጧ ክፍሉን ትጠላዋለች። አስቀድሞ በመኖሪያ ቤቷ አንድ መርፌ ስትወስድና ጥምረቱ ከዚያ በኋላ ሲጀመር በኪሎ 1 ሚሊግራም ክፍሉን ወደደችው፤ ያለዚያ ቅድመ መርፌ ግን በ5 ሚሊግራም ሸሸችው። ጠዋት ማሟሚያ፣ ከሰዓት ቲኤችሲ የሚለው ለኮኬይን የተሠራ አቆጣጠር እዚህ አይሆንም፤ ቲኤችሲ ስብ ውስጥ ገብቶ ስለሚቆይ የትናንቱ በዛሬው «ንጹሕ» ክፍል ውስጥ አብሮ ይገኛል። በጥምረቶቹ መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይተው።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፤ ይህ ሳጥን ራሱ የትውስታ ፈተና ነው። አይጧ ክፍሉን የምትመርጠው ምን እንዳገኘችበት ካስታወሰች ነው። ቲኤችሲ መጻፉን የሚያዳክም ከሆነ፣ ወድዳ ሳለ ያልጻፈችው አይጥ «አልወደደችም» ተብላ ትመዘገባለች። ስለዚህ እንስሳው ራሱ ቁልፍ እየተጫነ መድኃኒቱን የሚወስድበት ሙከራ የተሻለ ምስክር ነው። አይጦች ቲኤችሲን እንዲህ መውሰድ እንቢ ሲሉ ኖረዋል፤ በ2000 ታንዳ፣ ሙንዛርና ጎልድበርግ በስኩዊረል ዝንጀሮዎች ተሳካላቸው። ሚስጥሩ መጠኑ ነበር፤ በአንድ መርፌ በኪሎ 4 ማይክሮግራም ገደማ፣ ሰው በአንድ ሳብ ከሚያገኘው የሚቀራረብ። ከዚያ በፊት ይሞከር የነበረው መጠን እጅግ ትልቅ ነበር።

በሰው ላይ ግን የዶፓሚኑ ጭማሪ ከሚወራው በጣም ያነሰ ነው። ራክሎፕራይድ የተባለ ምልክት ከዶፓሚን ጋር ለተቀባይ ሲሻማ በሚያሳየው የአንጎል ምስል፣ በፔት ስካን፣ በ2009 የቦሶንግ ቡድን በትነት በተሳበ 8 ሚሊግራም ቲኤችሲ ያየው ለውጥ ከ4 በመቶ ያነሰ ነበር። የስቶክስ ቡድን በዚያው ዓመት 10 ሚሊግራም በአፍ ሰጥቶ ምንም አላየም። ሁለቱ የግድ አይጣረሱም። የተሳበ ቲኤችሲ በደቂቃዎች ጣሪያ ይደርሳል፤ የተዋጠው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ ጉበትም ብዙውን 11-ሃይድሮክሲ-ቲኤችሲ ወደሚባል ሌላ አስካሪ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል። የሽልማት መስመር ፍጥነትን ይወዳል።

ስለዚህ ሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ሦስቱን ሳይመዘግብ ውጤቱ አይነበብም፦ ስንት ሚሊግራም፣ በየት በኩል፣ ፈተናው ከተወሰደ ከስንት ደቂቃ በኋላ። በ2021 የአሜሪካ የዕፅ አላግባብ አጠቃቀም ተቋም ገንዘብ የሚሰጣቸው ተመራማሪዎች 5 ሚሊግራም ቲኤችሲን እንደ አንድ መለኪያ ቆጥረው እንዲጽፉ ያዘዘው «አንድ ጥቅል» የሚባል መለኪያ ምንም ስለማይነግር ነው። አሳሳቡም ይወሰናል፤ ለ5 ሴኮንድ መሳብ፣ ለ10 ሴኮንድ መያዝ፣ 40 ሴኮንድ ማረፍ። ካልተወሰነ ልማደኛው ጠንካራውን ቀስ ብሎ፣ ደካማውን አጥብቆ ይስብና ሁለቱን መጠን እኩል ያደርጋቸዋል። በመጨረሻ ተሳታፊው የወሰደው እውነተኛው ነው ወይስ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ብሎ እንዲገምት መጠየቅ አለበት፤ አብዛኛው ያውቃል፣ ማወቁም ውጤቱን ይለውጠዋል።

ወደ ቃላቱ ልመለስ፤ በአማርኛ ዝርዝር ማዘጋጀት ከእንግሊዝኛ የተተረጎመውን ከመገልበጥ የተለየ ሥራ ነው። ቃላቱ የሚጨበጥ ነገር ስም ይሁኑ፣ ርዝመታቸው ከሁለት እስከ አራት ፊደል። ምጣድና እንጀራ በአንድ ዝርዝር አይግቡ፤ አንዱ ሌላውን ጎትቶ ያመጣዋል፣ ያኔ የሚለካው ቋንቋ እንጂ ትውስታ አይደለም። ጥምር ስም ይቅር። ጠብቆና ላልቶ ትርጉሙ የሚለወጥ እንደ «ገና» ያለ ቃልም ይቅር፤ በጽሑፍ መዝገቡ ላይ የትኛው እንደተባለ አይለይም። ንባቡ ከተቀዳ ድምፅ ይሁን፤ በቃል የሚያነብ ሰው ተሳታፊው ሲቸገር ሳያውቀው ይዘገያል። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሆነ ተሳታፊ ለብቻ ይታይ። ከነጻ ማስታወስ በኋላ 15ቱ ከሌሎች 15 አዳዲስ ቃላት ጋር ተቀላቅለው «ነበረ ወይስ አልነበረም» ይባል። በነጻ አጥቶት እዚህ ከለየው ችግሩ ማውጣቱ ላይ ነው፤ እዚህም ካጣው አልተጻፈም። ሁሉንም «ነበረ» የሚል ተሳታፊ ግን ጎበዝ ይመስላልና የስህተት «ነበረ»ዎቹ ተቆጥረው ይቀነሱ።

ካናቢስ በሕግ በተከለከለበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ለሰው ሰጥቶ ማጥናት የማይታሰብ ስለሆነ፣ የሚቀረው ልማደኞችን ከማይወስዱት ጋር ማነጻጸር ነው። እዚህ ትልቁ መሰናክል ካናቢስ ብቻውን አለመሄዱ ነው። ጫት ተቅሞ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ተጠጥቶ፣ በዚያ መሃል ካናቢስ ቢጨስ፣ በማግስቱ የተዳከመው ትውስታ የማን ሥራ ነው? አልኮል በራሱ መጻፍን ያውካል። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ ትውስታ የሚጸናው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። «ሱስ አለብህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይህን አይለይም። ላለፉት 30 ቀናት እያንዳንዱ ለብቻው፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ የመጨረሻው መቼ፣ ያን ሌሊት ስንት ሰዓት ተተኛ ተብሎ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይሞላ። ሰዓቱ በአበሻ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ከቅጹ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ «ሦስት ሰዓት» ያለው ሰው ስድስት ሰዓት ይሳሳታል። የሽንት ምርመራ ለብቻው አይበቃም፤ የቲኤችሲ ቅሪት በዕለት ተዕለት ተጠቃሚ ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ሊታይ ይችላል። የሽንቱን መቅጠንና መወፈር ከሚያሳየው ከክሬአቲኒን ጋር ተነጻጽሮ እየወረደ መሆኑ ከታየ ግን መታቀቡን ይመሰክራል።

ጉዳቱ ይዘልቃል ወይ? በዚህ ጉዳይ የሚያስፈራሩትም «ምንም አይደለም» የሚሉትም ከመረጃው አልፈው ይሄዳሉ። ከኒውዚላንድ ደኒደን 1,037 ሰዎችን ከልደት ጀምሮ የተከታተለው ጥናት በ2012፣ በአፍላነታቸው ጀምረው አዘውትረው በቀጠሉት ላይ እስከ 8 ነጥብ የአይኪው መቀነስ ዘገበ። በ2016 በአሜሪካ መንትዮች ላይ የተሠራው ግን የሚወስደውን ከማይወስደው መንትያው ጋር ሲያነጻጽር ልዩነት አላገኘም፤ ቤቱና አስተዳደጉ ድርሻ አላቸው ማለት ነው። በ2018 የስኮት ቡድን 69 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ በወጣቶች ላይ ትንሽ ጉድለት አገኘ፤ ተሳታፊዎቹ ከ72 ሰዓት በላይ ታቅበው በተፈተኑባቸው ጥናቶች ግን ጉድለቱ ከዜሮ የሚለይ አልነበረም። የፔት ስካኑም ከዚህ ጋር ይሄዳል። በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ሲቢ1 ይቀንሳል፤ በ2012 የሂርቮነን ቡድን ከ4 ሳምንት ገደማ መታቀብ በኋላ እንደተመለሰ፣ በ2016 የዲሱዛ ቡድን ደግሞ በ2 ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚጀምር አሳዩ። በእኔ እምነት ብዙዎቹ «ቋሚ ጉዳት» የተባሉ ውጤቶች የለኩት ገና ያልወጣውን መድኃኒት ወይም የማቋረጥን የመጀመሪያ ሳምንት እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ነው። ይህን የምለው ወጣቶች ላይ ያለውን ስጋት ለማቅለል አይደለም፤ የ15 ዓመት ልጅ አንጎል ገና እየተሠራ ነው፣ በየቀኑ የሚያጨስ ተማሪም መጻፉ የታወከ አንጎል ይዞ መማሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያሳልፈው የትምህርት ዓመት የትም ሄዶ አይመለስለትም።

ስለዚህ ልማደኞችን የሚያጠና ሰው አንድ ቀን ፈትኖ አይለፍ። በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ28ኛው ቀን ይፈትን፤ በየጊዜው ሌላ ዝርዝር፣ ክብደታቸው እኩል መሆኑ አስቀድሞ በሌሎች ሰዎች ላይ የተሞከረ። የትኛው ዝርዝር በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ለየሰዉ ይፈራረቅ። ማነጻጸሪያው ቡድንም በእነዚያው ሦስት ቀናት ይፈተን፤ ሰው ፈተናውን ስለለመደው ብቻ በሦስተኛው ላይ ሁለት ሦስት ቃል ሊጨምር ይችላልና፣ ያንን የሚቀንስለት ሌላ ነገር የለም።